ምንም የማይሰጥ ግቢ

«ቆዩ፣ ቆዩ! ገና አላለቀም» አሉ ጋሼ ኃይለማርያም። ግማሽ ሰውነታቸው አልጋ ሥር ስለገባ ድምፃቸው የሚሰማው ታፍኖ ነበር።

የሺዓለምና ጓደኛዋ ወይኒ በሩ ላይ ቆመው ተያዩ። ወይኒ ሳቋ እንዳያመልጣት ከንፈሯን ነክሳለች። ጋሼ ኃይለማርያም ጡረታ የወጡ ሰዓት ሠሪ ናቸው። ግድግዳው ላይ በሚስማር የተሰኩትን ደረሰኞች አንድ በአንድ እየነቀሉ አሳይተዋቸዋል፤ ለእናት አገር ጥሪ፣ ለድርቅ፣ ለመሠረተ ትምህርት፣ ለቀበሌው አጥር። አሁን ደግሞ የዱሮዎቹን ከብስኩት ጣሳ ሊያወጡ ነው።

«ጋሼ፣ ደረሰኝ አይደለም እኮ የጠየቅነው» አለች የሺ። «ማንም ሳያዝዎት፣ እንዲያው በፈቃድዎ የሚረዱት ሰው አለ ወይ ነው ያልነው።»

ጋሼ ኃይለማርያም አቧራ የነካውን ራሳቸውን ብቅ አደረጉ። «በፈቃዴ ነዋ! ሁሉንም በፈቃዴ ነው የከፈልኩት። ማን አስገደደኝ አልኩ?» በልጆቹ መሐል አሻግረው ወደ ውጭ ተመለከቱና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «በፈቃዴና በደስታ ነው!»

ውጭ ከቧንቧው አጠገብ ከተኛችው ድመት በስተቀር ማንም አልነበረም።

ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጡት ቲቸር ተክላይ ናቸው። ቀን ቀን ዘጠነኛ ክፍልን ጂኦግራፊ ያስተምራሉ፤ ማታ ማታ ደግሞ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ራሳቸው ተማሪ ናቸው። የመመረቂያ ጥናታቸው የአራዳ ሰው እርስ በርሱ እንዴት እንደሚረዳዳ የሚመረምር ነው። ቀበሌ የሚሰበስበውን መዋጮ ሳይሆን፣ ማንም ሳያዝዘው ካለው ላይ የሚያካፍለውን፣ የታመመ የሚያስታምመውን፣ ጉልበቱን የሚሰጠውን ሰው ማወቅ ይፈልጋሉ። ብቻቸውን ሰፈሩን ማዳረስ ስላልቻሉ ተማሪዎቻቸውን ሁለት ሁለት አድርገው ላኩ። ቀበሌውም ፈቅዷል፤ መዋጮው ምን ያህል እንደሠመረ የሚያሳይ ጥናት ሳይመስለው አልቀረም።

አንድ ነገር ግን ጠበቅ አድርገው ነግረዋቸዋል። «ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ሰው ቤት እንዳትገቡ። የሚጽፍ እንግዳ ሰው ያስደነግጣል። በጆሯችሁ ስሙ፤ ሐሙስ ክፍል ውስጥ በቃላችሁ ትነግሩናላችሁ።» ቀጥለውም የተሻለ መልስ ያመጡት ሁለት ተማሪዎች ክረምቱን ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አብረዋቸው እንደሚሠሩ ተናገሩ።

የሺ ይህን ስትሰማ ልቧ ዘለለ። ትምህርት ቤታቸው አፍንጮ በር አጠገብ ስለሆነ አንዳንድ ቀን ወደ ቤቷ በመውረድ ፈንታ ሽቅብ ወደ ስድስት ኪሎ ትወጣና የዩኒቨርሲቲውን በር ታያለች። መጽሐፍ አቅፈው በዛፎቹ ሥር የሚሄዱትን ሴት ተማሪዎች ዘበኛው «ዞር በይ አንቺ ልጅ» እስኪላት ድረስ ትቆጥራቸዋለች። በዚያ በር መግባት ነበር የምትፈልገው። ክረምቱን ሙሉ ገብቶ መውጣት ማለት ደግሞ ለእሷ ከሕልም በላይ ነው።

ስለዚህ ወይኒን ይዛ የራሷን ግቢ መረጠች። ግቢው ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወረድ ብሎ ያለ፣ በአንድ ቧንቧ የሚጠቀሙ ጥቂት ጎረቤቶች የሚኖሩበት ነው። የማውቃቸው ሰዎች ስለሆኑ አይደብቁኝም ብላ አስባ ነበር። ወዲያው ነበር ያፈረችው። እናቷ አሰፋች «ሂጂ ወዲያ፣ ሥራ አታስፈቺኝ» አለቻት። እትዬ አልጋነሽ በራቸውን ገርበብ አድርገው «እኔ ምን አለኝና ነው የምሰጠው?» ብለው መልሰው ዘጉት። ጋሼ ኃይለማርያም ደግሞ ይኸው ከነጣሳቸው አልጋ ሥር ናቸው።

የቀራቸው የእትዬ ሸፊቃ ቤት ብቻ ነበር። የእትዬ ሸፊቃ ባል ድልድዩ አጠገብ ክርና ቁልፍ የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለው። ልጆቹ ሲገቡ እሳቸው ምስር ወጥ እያማሰሉ ነበር። ከጎናቸው ሰማያዊ ጠርዝ ያለው ምሳ ዕቃ ክዳኑን ከፍቶ ተቀምጧል። የሺ ምሳ ዕቃውን ታውቀዋለች፤ የእትዬ አልጋነሽ ነው። እዚህ ምን ያደርጋል ብላ ግን አላሰበችም፤ ጥያቄዋን ለመጠየቅ ቸኩላ ነበር።

«እትዬ ሸፊቃ፣ ማንም ሳያዝዎት በፈቃድዎ የሚረዱት ሰው አለ?»

እትዬ ሸፊቃ ወጡን እያዩ ሳቁ። «አንቺ ደግሞ! እናትሽ በተራዋ እየሠራች እኔን ትጠይቂያለሽ? ያው ያንን እስረኛ ልጅ ነዋ። እኔ ተራዬ ሲደርስ ሥጋ አላስገባም። እሱ ክርስቲያን ነው፣ የኛን ሥጋ አይበላም፤ ምስርና ሽሮ ነው የምሠራለት። አልጋነሽ ደግሞ ዕቃውን ይዛ…»

ቀና ሲሉ ከየሺ ጀርባ የቆመችውን ወይኒን አዩ። ማማሰያው በእጃቸው እንዳለ ቀጥ አሉ።

«ምን አልኩ? ምንም አላልኩም» አሉ ቀስ ብለው። «ሂዱ፣ ሂዱ ልጆቼ። ወጡ ሊያርርብኝ ነው።»

ወይኒ ከቤቱ እንደወጣች የየሺን ክንድ ይዛ ወደ ቧንቧው ጎተተቻት። ዓይኖቿ ያበራሉ። «አሸነፍን! በቃ አሸነፍን! ሌላው ሁሉ ደረሰኝ ይዞ ይመጣል፣ እኛ እስረኛ ይዘን! አቦ የሺ፣ ግቢሽ እንዲህ መሆኑን ለምን አልነገርሽኝም?»

«አላውቅም ነበር» አለች የሺ። እውነቷን ነው። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ግን የእትዬ ሸፊቃ ፊት ከፊቷ አልጠፋ አለ። ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲደነግጥ አይታ አታውቅም።

ማታ እራት ላይ እናቷን ስለ እስረኛው ጠየቀቻት። አሰፋች የአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ናት፤ ስትቆጣም ስትደነግጥም ድምጿን ዝቅ ነው የምታደርገው። አሁን ግን ተነሥታ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገችው። ከዚያ መልሳ ተቀመጠች።

«ማን ነገረሽ?»

የሺ ነገረቻት።

«ወይኒም ሰማች?»

«አዎ።»

አሰፋች ዓይኗን ጨፈነች። ሬዲዮኑ ስለ ቡና ምርት ያወራል። በዚያ ወሬ ሥር እናቷ በሹክሹክታ የነገረቻት ይህን ነበር። የእትዬ አልጋነሽ ልጅ ካሣሁን ታስሮ በነበረ ጊዜ እናቱ ስንቅ ያመላልሱለት ነበር። ሲፈታ ስለ አንድ ልጅ ነገራቸው። ከጎኑ የሚተኛ፣ ቤተሰቦቹ ሩቅ አገር ያሉ፣ አንድም ጠያቂ የሌለው ልጅ ነው፤ የሚበላው ከካሣሁን ሳህን ነበር። ካሣሁን ወንጂ ሥራ አግኝቶ ሄደ። እትዬ አልጋነሽ ግን ምሳ ዕቃውን አላስቀመጡትም። መጀመሪያ ብቻቸውን ያዙት፤ የስኳርና የዘይት ራሽን ሲያጥር አሰፋችና እትዬ ሸፊቃ በሳምንት ሁለቴ ለሚሄደው ስንቅ ተራ ገቡ።

«እስር ቤቱ በር ላይ አክስቱ ነኝ ብለው ነው ያስመዘገቡት» አለች አሰፋች። «አክስቱ እንዳልሆኑ ቢታወቅ ምን የሚሏቸው ይመስልሻል? ‹የማታውቂውን ፀረ አብዮተኛ የምትቀልቢው ማን አዝዞሽ ነው?› ነው የሚሏቸው። በፈቃዴ ነው ብትይ ማን ያምንሻል? ከዚያ እሳቸውን ይወስዷቸዋል። እሳቸውን ሲጠይቁ ማን አበሰለ ይላሉ።»

የሺ የያዘችውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሰች። «ታዲያ ለኔ እንኳ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? ሰጠሁ እያለ የሚያወራ ሰው ጥሩ ሰው ነው? ቀኝ እጅህ የሰጠውን ግራ እጅህ አይወቅ ነው የሚባለው። ሸፊቃም በነሱም ሃይማኖት እንዲሁ ነው የሚባለው ብላኛለች።»

በዚህ መሐል በሩ ተንኳኳና ሁለቱም ዘለሉ። የገቡት እትዬ አልጋነሽ ነበሩ፤ እትዬ ሸፊቃ እያለቀሱ ነግረዋቸዋል። ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተቀመጡ። የሺ መሬት መሬቱን አየች። ስድብ ትጠብቅ ነበር፣ ስድቡ ቢመጣ ደግሞ ይቀላት ነበር።

«ያቺ ጓደኛሽ» አሉ እትዬ አልጋነሽ፣ «ወሬ ያድርባታል?»

የሺ አዎ ልትል አፏን ከፈተች። ግን ወይኒ ናት። ወይኒ ጠዋት የሰማችውን እስከ ምሳ ድረስ ማቆየት የማትችል ልጅ ናት። «አያድርባትም» አለች በመጨረሻ።

«እንግዲህ እግዜር ይወቅ። አንቺን አልቆጣሽም፤ ሸፊቃንም አልቆጣት፣ ምስኪን። ለራሴም አይደለም የምፈራው፣ አርጅቻለሁ።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ያ ልጅ ነው የሚያሳስበኝ። ቅዳሜ ዕቃው ካልደረሰው ምን ይላል? ሞተች ይላል። ወይ ደግሞ ሰለቸኋት ይላል። ፊቱን እንኳ አይቼው አላውቅም እኮ፤ ግን ሰለቸኋት እንዲል አልፈልግም።»

የዚያን ሌሊት የሺ ክፍል ውስጥ የምትናገረውን ውሸት ስታዘጋጅ አመሸች።

ሐሙስ ጠዋት ወይኒን ምኒልክ አደባባይ አገኘቻትና አብረው ወደ ትምህርት ቤት ሄዱ። ሰማዩ ከብዷል፤ የሰኔ ዝናብ ሊጥል ነው። የሺ እናቷ የነገረቻትን አንድም ሳታስቀር ነገረቻት። ወይኒ አዳመጠች፣ አዘነች፣ ከዚያ መላ ያገኘች መሰላት።

«ስም አንጠራም በቃ! ‹አንዲት ሴት› እንላለን።»

«የኔን ግቢ የማያውቅ አለ? ምሳ ዕቃ ይዘው የሚወጡትን ሴትዮስ? ገነነ እዚያው ቁጭ ብሎ ነው የሚሰማን።»

ገነነ የቀበሌው ሊቀመንበር ልጅ ነው። ክፉ ልጅ አይደለም። ችግሩ ቀን የሰማውን ሁሉ ማታ ለአባቱ ማውራቱ ነው።

«ታዲያ ምን ልንል ነው? ጋሼ ኃይለማርያም የብስኩት ጣሳ አላቸው ልንል?»

«ምንም አላገኘንም እንላለን።»

«ምንም?» ወይኒ ቆመች። «ክፍሉ ሁሉ እንደ ፋራ ሲያየን? ቤተ መጻሕፍቱስ? አንቺ እኮ ነሽ ስትነሺ ስትተኚ ስለሱ የምታወሪው!»

የሺ ፊቷን አዞረች። አፏን ብትከፍት ልታለቅስ ነበር። ወይኒ ትንሽ ጠበቀቻትና አኩርፋ ቀድማት ሄደች። አልናገርም ብላ ቃል አልገባችም።

ክፍል ውስጥ ቲቸር ተክላይ ጠረጴዛቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ጥንድ ጥንዱን እያስነሡ ሰሙ። የመጀመሪያዎቹ ደረሰኝ አሉ። ሁለተኛዎቹም ደረሰኝ አሉ። ገነነና ጓደኛው ሰፈራቸው ከታዘዘው በላይ እንዳዋጣ በኩራት ተናገሩ። ሁለት ልጆች ስለ አንድ እድር አወሩ፤ ድንኳን ስለሚተክሉ ጎረምሶችና ቀብር ቀርተው ስለሚቀጡ ሰዎች። ቲቸር ተክላይ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ጥሩ ይላሉ፤ ፊታቸው ላይ ግን የሚፈልጉትን ያላገኘ ሰው መልክ አለ።

«የሺዓለምና ወይኒ።»

ወይኒ ቀድማ ብድግ አለች። ጉሮሮዋን ጠረገች። የሺ ያንን ፊቷን ታውቀዋለች፤ ጥሩ ወሬ ይዛ አላስችል ሲላት የሚታይባት ፊት ነው።

«እኛ የሄድንበት ግቢ» አለች ወይኒ፣ «እንደ ሌላው አይደለም። እኛ የሄድንበት…»

«ምንም አይሰጡም!»

የሺ መቼ እንደተነሣች ራሷም አላወቀችም። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አያት። ወይኒም አፏን እንደከፈተች አየቻት።

«ምንም?» አሉ ቲቸር ተክላይ።

«ምንም፣ ቲቸር። ሁሉንም ቤት አንኳኳን። ከመዋጮ ሌላ ማንም ማንንም አይረዳም።» ጆሮዋ ይግላል። «ስስታም ግቢ ነው።»

«የራሷ ግቢ እኮ ነው!» አለ አንዱ ከኋላ፣ ሳቁም ፈነዳ። የሺ እዚያው ቆማ ተሳቀባት። ቤተ መጻሕፍቱ ከእጇ ሲወጣ ተሰማት። ይሁን፣ አለች በልቧ። ይሁን፣ ብቻ ዝም በሉና ወደ ሌላው እለፉ።

ግን ገነነ እጁን አወጣ። «ቆይ ቆይ፣ እነዚያ ሰማያዊ ምሳ ዕቃ ይዘው የሚወጡት ሴትዮስ? በኛ በር ነው የሚያልፉት። ለማን ነው የሚወስዱት?» ተንኮል አልነበረበትም፣ ከልቡ ማወቅ ፈልጎ ነው።

የሺ ማታ ያዘጋጀችው ውሸት ሁሉ ድራሹ ጠፋ። «እሳቸውማ…» አለችና ወደ ወይኒ ዞረች።

«እሳቸው?» አለች ወይኒ። እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «እሳቸውማ የባሱት ናቸው! ጨው እንኳ አያበድሩም። ምሳቸውን ይዘው የሚወጡት ጎረቤት እንዳይለምናቸው ነው። ድልድዩ ሥር ተሸሽገው ብቻቸውን ጥርግ አድርገው በልተው፣ አፋቸውን ጠርገው ይመለሳሉ!»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ገነነ ዴስኩን እየደበደበ «እኔ ደግሞ ደህና ሴትዮ መስለውኝ!» አለ። ቲቸር ተክላይ ብቻ አልሳቁም። ሁለቱን ልጆች ተራ በተራ አዩና «አመሰግናለሁ፣ ተቀመጡ» አሉ።

ከዴስኩ ሥር የወይኒ እጅ የየሺን እጅ ፈልጎ ያዘ። በላብ ርሷል።

በእረፍት ሰዓት ዝናቡ ስለጣለ ልጆቹ ሁሉ በረንዳው ላይ ተኮልኩለው ነበር። የሺ ወይኒን ወደ ጥግ ወሰደቻት። «ልትናገሪ ነበር አይደል?»

«ልናገር ነበር» አለች ወይኒ፣ ሳትደብቅ። «ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ አንቺ ተነሣሽ። ያንን ሁሉ ስትመኚው የከረምሽውን በአንድ ቃል ጣልሽው። ታዲያ ብቻሽን ስስታም ሁኚ ብዬ ልቀመጥ?» ትከሻዋን ነቀነቀች። «ለማንኛውም ገነነን ሸወድኩት። ጎበዝ አይደለሁም?»

የሺ አቀፈቻት። ከማታ ጀምሮ ደረቷ ላይ ተጭኖ የነበረው ነገር ተነሥቶላት ሳቀች፤ ስትስቅ ደግሞ ዕንባዋም መጣ። ወይኒ «ኧረ ሰው ያየናል!» አለች፣ ግን አልለቀቀቻትም።

ማታ የሺ እትዬ አልጋነሽ ቤት ሄዳ ሁሉንም ስትነግራቸው ከባዱ የቀረ መስሏት ነበር። ትልቅ ሰው በክፍል ተማሪ ፊት ስስታም ተብለዋል፤ በዚህም ላይ ወሬው ነገ ሰፈሩን ይዞረዋል። እትዬ አልጋነሽ መጀመሪያ አልገባቸውም። «ድልድዩ ሥር?» አሉ። «ተሸሽጌ?» ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ድምፅ አውጥተው ሲስቁ የሺ ሰምታቸው አታውቅም ነበር። ዕንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ወደ ግቢው ተጣሩ።

«ሸፊቃ! ሸፊቃ ነይማ! ጨው አታበድርም ተባልኩልሽ!»

እትዬ ሸፊቃ በባዶ እግራቸው ሮጠው መጡ። አሰፋችም መጣች። የሺ እንደገና አወራች፤ ስታወራ ገነነን አስመሰለችው፣ ዴስኩንም ደበደበችው። ሴቶቹ እርስ በርስ እየተደጋገፉ ሳቁ። ጋሼ ኃይለማርያም ሳይቀሩ «ምን ተገኘ?» ብለው ብቅ አሉ፤ ምንም አልተነገራቸውም፣ ግን ሲስቁ አይተው ሳቁና ተመለሱ።

እትዬ አልጋነሽ ሊሸኟቸው ብድግ ሲሉ ግን ጉልበታቸው ከዳቸው። አሰፋች ደግፋ አስቀመጠቻቸው። ጉልበታቸው አብጧል፤ ቅዳሜ ምሳ ዕቃውን ማን ይወስዳል? አሰፋች ቅዳሜ እስከ ቀትር ሥራ ናት። እትዬ ሸፊቃ እሄዳለሁ ቢሉም በመታወቂያቸው ላይ ባለው ስም የዚያ ልጅ ዘመድ ነኝ ማለት አይችሉም። «ተዉት፣ እየተንፏቀቅሁም ቢሆን እሄዳለሁ» አሉ እትዬ አልጋነሽ። የሺ ሁሉንም ሰምታ ወደ ቤቷ ገባች።

በማግሥቱ፣ ዓርብ፣ ቲቸር ተክላይ ተማሪዎቹ ከወጡ በኋላ የሺንና ወይኒን አስቀሯቸው። ጥቁር ሰሌዳውን እያጠፉ፣ ጀርባቸውን እንደሰጧቸው ተናገሩ።

«ከእድሩ በቀር ከየግቢው የመጣልኝ መልስ ሁለት ነው። ደረሰኝና ምንም። ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። አራዳ ውስጥ ከመዋጮ ሌላ የሚሰጥ ሰው ከሌለ፣ ይሄ ሁሉ ችግረኛ በማን ነው የሚኖረው?» ዳስተሩን አስቀምጠው ዞሩ። እጃቸው በጠመኔ ነጥቷል። «በሰው ፊት ተናገሩ ማለቴ ጥፋት ነበር። የእናንተ አይደለም፣ የኔ ነው። ያንን ጥያቄ ከጥናቴ አውጥቼዋለሁ። ስለ እድር ብቻ እጽፋለሁ፤ እድር በአደባባይ ነው፣ ማንንም አያስፈራም።»

ወይኒ የሺን በክርኗ ነካቻት።

«ለቤተ መጻሕፍቱ ሁለት ልጆች እፈልጋለሁ» አሉ ቲቸር ተክላይ። «ሰዎች የነገሩኝን ነው የምናገላብጠው። ስለዚህ የሰማውን ሁሉ የማይዘረግፍ ልጅ ነው የሚያስፈልገኝ።»

«እኔንም ጨምሮ?» አለች ወይኒ፣ ማመን አቅቷት።

«አንቺንም ጨምሮ። ነገ ጠዋት የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ጠብቁኝ፤ የመግቢያ ወረቀት አወጣላችኋለሁ።»

የሺ ፊቷ በራ። ያ በር፣ እነዚያ ዛፎች። ዘበኛው ምን እንደሚል ታያት። ከዚያ ነገ ቅዳሜ መሆኑ ትዝ አላት።

«ነገ አይመቸኝም፣ ቲቸር» አለች።

ወይኒ አፍጥጣ አየቻት። ቲቸር ተክላይም ገረማቸው። «ለምን?»

«ሥራ አለብኝ።»

«የምን ሥራ?»

«ምንም አይደል» አለች የሺ። «የቤት ነገር ነው።»

ቲቸር ተክላይ ሌላ ሊጠይቁ አፋቸውን ከፍተው ነበር። ተዉት። የእጃቸውን ጠመኔ አራገፉና ደብተሮቻቸውን ሰበሰቡ። «እንግዲያው ሰኞ ይሁን» አሉ። «ሰኞም ያው በር ነው።»

ማታ ሲሆን የሺ እትዬ አልጋነሽ ቤት ገባች። እናቷ እዚያው ሆና ምስር ትለቅማለች። እትዬ አልጋነሽ ምሳ ዕቃውን አጥበው ሲያበቁ የሺ ጨርቁን ተቀብላቸው ማድረቅ ጀመረች።

«ነገ እኔ እወስደዋለሁ» አለች።

«አይሆንም። አንቺ ልጅ ነሽ።»

«በሩ ላይ የሚሰለፈው ግማሹ ልጅ አይደል? እርስዎ ራስዎ ነው ያሉት።» የሺ ወደ እናቷ ዞረች። አሰፋች ምስሩን መልቀሟን አላቆመችም። አንዲት ጠጠር አውጥታ ጣለች፤ ከዚያም ልጇን ቀና ብላ አየቻት። አይሆንም አላለችም።

እትዬ አልጋነሽ የሺን በእጃቸው ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጧት፤ ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ።

«እምሩ ነው ስሙ። እምሩ ከተማ። በሩ ላይ ጮክ ብለሽ ጥሪው፣ እንዳትፈሪ። ወታደሩ ምኑ ነሽ ይልሻል።»

«እህቱ» አለች የሺ። «ታናሽ እህቱ ነኝ።»